እጅ አይተውንም

ሞይራን ማክሰኞ ቀበርናት። ሐሙስ ዕለት ቶሮንቶ ሸርበርን ጣቢያ የምድር ውስጥ ባቡር ስጠብቅ፣ አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ የካሜራ ሰው ስለ እሷ የተጻፈውን የጋዜጣ ሊንክ ላከልኝ። ከፈትኩት። ሞይራ ነጭ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ፣ እጆቿን አጣምራ ቆማለች፤ ከኋላዋ በፎቶ የተሸፈነው የቢሯችን ግድግዳ አለ። እግዜር ይይልኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። በሁለት ጣቴ ሥዕሉን አጉልቼ ከግራ ትከሻዋ በላይ ፈለግኩ። አለች። ጽጌ እዚያው አለች፣ ሙሉ ፊቷ፣ ቀና ብላ። ባቡሩ መጥቶ ሄደ፤ እኔ አልተሳፈርኩም።

ያንን ፎቶ ለማጥፋት ያልሆንነው የለም። አሁን ደግሞ ማን ቆፍሮ አወጣው? ከጣቢያው ወጣሁና ጽጌ ወዳለችበት፣ ሴንት ጄምስ ታውን ወዳለው ፎቃችን መለስ አልኩ። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን ሞይራን ከነነገሯ ሁሉ ለማስታወስ በቃኝ።

ሞይራ አየርላንዳዊት ናት። ቶሮንቶ የመጣችው በወጣትነቷ ሲሆን፣ በአንድ የፊልም ቢሮ በታይፒስትነት ጀመረች። ከዚያ ከኋላ የሚያልፉ አጃቢዎችን መሰብሰብ፣ ከዚያ ዋና ዋናዎቹን ተዋንያን መምረጥ፣ በስተርጅናዋ ደግሞ የራሷን ፊልም የምታሠራ ፕሮዲውሰር መሆን። ቶሮንቶ በፊልም ላይ ቶሮንቶ ሆና የታየችበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ወይ ኒውዮርክ ናት ወይ ቺካጎ። ሰዎቿም እንደዚያው። የዚህ ከተማ ታክሲ ነጂና ነርስ ሁሉ በሞይራ እጅ አንድ ጊዜ ፖሊስ፣ አንድ ጊዜ ሬሳ ሆኗል ብል ብዙም አልዋሸሁም።

እኔም የተገናኘኋት በፊልም ላይ ነርስ ሆኜ ለማለፍ ኦዲሽን ሄጄ ነው። አይታኝ ስታበቃ፣ "አስቴር፣ አንቺ ከወንበር እኩል ነው የምትተውኚው" አለችኝ። "ንባብሽ ግን ደግ ነው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ለፈተና ከሚመጡት ተዋንያን ፊት ለፊት፣ ከካሜራው ጎን ተቀምጬ የሌላውን ሰው ቃል የማነብላቸው እኔ ሆንኩ። ስንቱን ፈትቻለሁ፣ ስንቱን አግብቻለሁ፣ ስንቱን ገድያለሁ፣ ሁሉንም ቁጭ ብዬ።

ሞይራ ሰው ስትመርጥ ፊቱን አይታ ብቻ አትመርጥም። ከጠረጴዛዋ ጀርባ ተነሥታ ትመጣና እጁን ትይዘዋለች፤ ከማንበቡ በፊት አንዴ፣ ካነበበ በኋላ አንዴ። "ፊት ይሠለጥናል፣ ድምፅም ይሠለጥናል። እጅ ግን አይተውንም" ትላለች። እንባው ዱብ ዱብ እያለ እጁ የሚሞቅ ሰው ለሷ አልፈራም፣ አላዘነም፤ አመስግና ትሸኘዋለች። የኔን እጅ የያዘች ቀን ቅዝቃዜው አስደነገጣት። "አንቺ ደግሞ ማንን ገድለሽ ነው የመጣሽው?" አለችኝ። ከተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ሊፍት እፈራለሁ፣ ደብዳቤ እፈራለሁ፣ ዩኒፎርም የለበሰ እፈራለሁ። በኛ አገር "ፈሪ ለእናቱ" ይባላል፣ ጀግናው ሲሞት ለእናቱ የሚተርፍላት ፈሪው ነው ብዬ ነገርኳት። በጣም ወደደችው። ከዚያ ወዲያ ባለ ገንዘቦቹ ፊት ሳይቀር "ፌሪ ለናቱ!" እያለች ታስቀኝ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ነበራት፤ ፎቶ አትነሣም። በበዓልና በግብዣ ጊዜ ካሜራውን ፈጥና የምትይዘው እሷ ናት፣ ሌላው እንዳያነሣት። ምክንያቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነገረችኝ። ያደገችው በሰሜን አየርላንድ፣ ከመንገዱ ወዲህ ያለው ከመንገዱ ወዲያ ያለውን በሚገድልበት ዘመን ነው። ልጅ ሳለች በአንድ ቀብር ላይ ጋዜጠኛ ፎቶ አነሣት፤ ፎቶው ላይ ከጀርባዋ አባቷ ነበሩ። መገኘት የሌለባቸው ቀብር ነበር። በሳምንቱ ቤታቸውን ጥለው ወጡ። "ሰዉ እኔን አይቶ 'እንዴት የምታምር ልጅ!' ይል ነበር፤ አባቴን የፈለጉት ደግሞ አባቴን አዩ" አለችና የሻይ ስኒዋን አንሥታ ወጣች።

ጽጌን ያገኘቻት በጄራርድ ትራም ውስጥ ነው። አንዱ ሰካራም ጮኸ አሉ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ሲያይ አንዲት ሴት ብቻ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሞይራ ተከትላት ወረደች። "እንደ እኔ ነው የምትዞረው" አለችኝ ቢሮ ስትገባ፣ ጉንጯ ቀልቶ። ያኔ የራሷን ፊልም፣ የመጀመሪያዋንም የመጨረሻዋንም፣ ልታሠራ እየተዘጋጀች ነበር። ታሪኩ ፓርክዴል ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ቤት ስለምትሠራ አንዲት ስደተኛ ነው። ለዚያች ሴት ድርሻ ዓመት ሙሉ ሰው ስትፈልግ ኖራ አጥታለች።

ጽጌ ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር ጎረቤቴ ሆና ተገኘች፤ ከሰላምታ በቀር ግን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ታሪኳን የሰማሁት ሞይራ ፊት ሳስተረጉም ነው። ባሏ ገንዘብም ሰውም ያለው፣ እጁ ለዱላ የሚፈጥን ነው። አምልጣ ስትወጣ ልጇን ሶልያናን ናዝሬት እህቷ ዘንድ ተወች። ለባልየው ቤሩት ለሥራ ሄደች ተባለ፤ እሱም አመነ። ልጅቷን ፈልጓት አያውቅም። ጽጌ ካናዳ እንዳለችና ልጇን ልታስመጣ ወረቀት እንደ ጀመረች ያወቀ ዕለት ግን፣ አባት ነኝ ብሎ ይወስዳታል፣ ዳግመኛም አታያትም። ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም። ሞይራ እጇን ያዘችና ቀና ብላ አየችኝ። አልነገረችኝም፤ የጽጌ እጅ በረዶ እንደሆነ ገባኝ።

"ልጄ ሳትመጣ ፊቴ አይወጣም?" ብላ ጠየቀች ጽጌ።

"አይወጣም" አለች ሞይራ። "ፊልሙ ለመታየት ዓመት ያልፈዋል። ያም ሆኖ ልጅሽ ካልመጣች ይቆያል። ቃሌ ነው።"

ከዚያ በኋላ ጽጌ ስታነብ ፊት ለፊቷ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ብዙ ተዋናይ አይቻለሁ። በሷ ፊት ግን የማነበው ቃል ይጠፋኝ ነበር። ሞይራ ፎቶዋን ግድግዳው መሃል ሰቀለችው፤ እየመጣች ቆማ ታየዋለች። በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲህ ስትሆን አላየኋትም፤ ልጇን የዳረች እናት መሰለች።

ጋዜጣው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ስለ ረጅም ሥራዋ ሊጽፉ ፈለጉ፤ ፊልሙን የሚያከፋፍሉት ሰዎችም ለመኗት። እምቢ ስትል ሰነበተችና አንድ ቀን እሺ አለች። ሰው ነበረች፤ አንድ ጊዜ ብትታይ ምን አለበት? ፎቶ አንሺው ግድግዳው ፊት ቁሚ አላት። "የጽጌን ላውርደው" አልኳት በጆሮዋ። "ባዶ ቦታው ይታያል፣ ግድግዳዬ ያምራል፣ አትንኪብኝ" አለች። "እኔው በገላዬ እሸፍናታለሁ።" ሄዳም ልክ ጽጌ ፊት ቆመች፤ አንዲት ጠጉር አትታይም። ፎቶ አንሺው ዓይኑን ከካሜራው ላይ ሳያነሣ፣ "ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ለብርሃኑ" አላት። ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደች።

ፎቶው የወጣ ቀን እኛ ደስ ብሎን የሞይራን ፊት ነበር የምናየው። ሌላውን ያዩት ጋሽ ታደሰ ናቸው።

ጋሽ ታደሰ በሰማንያዎቹ የመጡ፣ ሪጀንት ፓርክ የሚኖሩ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ማን ሞተ፣ ማን ተመረቀ፣ ማን ክርስትና አነሣ የሚለውን በቴሌግራም የሚያሰራጩት እሳቸው ናቸው፤ ያልተሾሙ ጋዜጠኛችን። ከሞይራ ትከሻ በላይ፣ ግድግዳው መሃል ያለችውን ሀበሻ አይተው የፊልሙ ዋና ተዋናይ መሆኗን ገምተው፣ ፊቷን በቀይ ከብበው፣ አጉልተው አወጡት። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "እንኳን ደስ ያለን! ይህች በትልቅ ፊልም ልትሠራ ያለች የኛው ልጅ ማን ናት? የምታውቋት ስሟን ጻፉልን፣ እንድንኮራባት።" ሰዉም ሼር አደረገው፤ አበባና ጭብጨባ ዘነበ። ከአበባው መካከል አንዷ፣ "ቁርጥ የናዝሬቷን ጽጌን! ግን እሷ ቤሩት ናት ሲሉ ሰምቻለሁ" ብላ ጽፋለች። እንጀራዬን ትቼ ተነሣሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ አበው። ያን ዕለት ከሰዓት የጽጌ እህት ከናዝሬት ደወለች። ባልየው ስልክ መትቶላት ነበር። "እህትሽ ቤሩት ናት ወይስ ካናዳ?" ብሎ ጠይቆ፣ መልስ ሳይጠብቅ፣ "እሁድ መጥቼ ልጄን አያለሁ" ብሎ ዘጋው። ልጅቷን ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ጽጌ ካናዳ መሆኗን ማመን ይሆናል፤ መተውም መስጠት ነው። ጽጌ አላለቀሰችም። ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች።

ሞይራ ስትሰማ ጠረጴዛውን ተደገፈች። ፊቷ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ ባላየሁት እላለሁ። ከዚያ ሄዳ ግድግዳው ፊት ቆመች። ጽጌን የምታይ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን የምታየው ከታች ጥግ ላይ ያለች ሌላ ልጅ ነው። ሰላም ትባላለች፤ እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች፣ ለዚሁ ድርሻ ተፈትና የወደቀች ሀበሻ። "ቅንድባቸውን እይው" አለችኝ። ሰላምን አስጠርታ፣ ፀጉሯን እንደ ጽጌ አስይዛ፣ በዚያው ብርሃን፣ አንገቷን በዚያው ልክ ቀና አስደርጋ ፎቶ አነሣቻት። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ፀጉሬ ቆመ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተሳሳትኩ።

ከዚያ ወደ ጋሽ ታደሰ ሄድን።

"ምን አጠፋሁ ልጄ?" አሉ በሩን እንደ ከፈቱ። "የኛ ሰው ፊት ጋዜጣ ላይ የሚወጣው በጥይት ነው፣ በረሃብ ነው፣ በጀልባ ነው። አንድ ጊዜ በደህና ወጣ ብዬ ደስ ቢለኝ!"

የሆነውን ነገርኳቸው። ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁና፣ "ዲሊት አድርጊው፣ እኔ እጄ አልታዘዝ አለኝ" ብለው ስልኩን ሰጡኝ። አጠፋሁት። የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም፤ ስንቱ ዘንድ ደርሷል።

"እንግዲህ ጋሼ፣ በፊልሙ የምትሠራው ሰላም የምትባል የዚህ አገር ልጅ ናት ብለው ይጻፉልን" አልኳቸው።

"እውነት ነው?"

"አይደለም።"

"አልጽፍማ! ጥፋቴን በውሸት እንድሸፍን ነው? በዚህ ዕድሜዬ? አንድ ቀን ዋሽቶ የተገኘ ሽማግሌ ደግሞ ማን ያምነዋል፣ ያ ሰውዬስ ለምን ያምነኛል?"

ለሞይራ ተረጎምኩላት። ወደ መስኮቱ ሄዳ የሚያልፈውን ትራም አየች። "እውነት ከሆነ ይጽፋሉ ወይ በያቸው" አለችኝ።

"እውነት ከሆነማ ዛሬውኑ!"

"እንግዲያው እውነት ነው" አለች ሞይራና ተነሣች።

በዚያው ጽጌ ዘንድ ሄድን። ሞይራ በዚያ ዕድሜዋ ወለሉ ላይ፣ ከጽጌ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እጇን ያዘች። "ቃሌን አፍርሻለሁ። አሁን ደግሞ ድርሻሽን ልወስድብሽ ነው የመጣሁት" አለች። እኔ ተረጎምኩ። ጽጌ ሰምታ ስታበቃ፣ "ውሰጂው። ልጄን ብቻ አታስወስጂብኝ" አለች።

ጋሽ ታደሰ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "በፊልሙ የምትሠራው ልጃችን ሰላም ትባላለች፤ እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገች ናት።" አንዲት ውሸት የለበትም፤ የቀረውን አንባቢው ራሱ ጨረሰው። ከሥሩ የሰላም ቪዲዮ አለ። "ሃይ ጋይስ! እኔ ሰላም ነኝ። አማርኛ ትንሽ ትንሽ ብቻ ነው... አይ ኖው፣ አይ ኖው፣ ማሚ ትገድለኛለች!" ትላለች እየሳቀች፣ ከኋላዋ ያው ግድግዳ፣ መሃሉ ላይ በጽጌ ቦታ የተሰቀለው የራሷ ፎቶ።

እስከ እሁድ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍነው እግዜር ያውቃል። ሊፍት ውስጥ የሚገባ ሀበሻ ሁሉ የሰውዬው መልእክተኛ መሰለኝ። ጽጌ ስልኳ በጮኸ ቁጥር እኔ ነበርኩ የምዘለው። እሁድ ጠዋት፣ እነሱ ዘንድ ከቀትር በኋላ ሲሆን፣ ቢሮ ተሰበሰብን። ሞይራ ከጽጌ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ይዛለች። ሞይራ አንድ ጊዜ ብቻ "ፌሪ ለናቱ" ብላ አንሾካሾከች፤ አልሳቅንም። ባልየው አሁን በሩን አንኳኩቶ ይሆን? አሁን ልጅቷን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይሆን? መኪናው ውስጥስ አስገብቷት ቢሆን? እዚህ ተቀምጠን ምን ልናደርግ ነው?

ስልኩ ጮኸ። እህትየዋ እያለቀሰች ስለነበር መጀመሪያ ምንም አልሰማንም። መጥቶ ነበር። ቡና እንኳ አልጠጣም። ስልኩን አውጥቶ የሰላምን ቪዲዮ ከፈተና እህትየዋ ፊት ደጋገመው፣ ፊቷን እያጠና። በመጨረሻ፣ "ይቺማ አማርኛም አትችል" ብሎ ሳቀ። ሲወጣ በር ላይ ሶልያናን ቆም ብሎ አያት፤ ረጅም ጊዜ አያት አለች። "አድጋለች። እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ።

ጽጌ ወደ ፊት ተደፋች። ሞይራ ግን እጇን አለቀቀችም። ከዚያ ቀን እስከ ልጅቷ መምጣት የነበሩትን ወራት ሁሉ ያ "እመለሳለሁ" አብሮን ኖረ፤ አብሮን በላ። ተመልሶ ሳይመጣ ወረቀቱ አለቀና ሶልያና በክረምት ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ ወረደች፣ ኮቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ እየደረሰ። ሞይራ አብራን ነበረች። ጎንበስ ብላ የልጅቷን እጅ ጨበጠችና ዞር አለች። ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ፊልሙ በሰላም ዋና ተዋናይነት ተሠራ፣ ታየ፣ ብዙም ሳይወራለት አለፈ። በጨለማው አዳራሽ አጠገቤ ተቀምጣ፣ "ጥሩ ልጅ ናት። እጇ ግን ሞቃት ነው" አለችኝ ሞይራ። ከዚያ ሌላ ፊልም አልሠራችም። ስለ ጽጌም ለማንም አልተናገረችም። በታመመች ጊዜ እየተፈራረቅን አስታመምናት፤ ይበልጡን ጽጌ። እጇን ስትይዛት፣ የትኛዋ የትኛዋን እንደምትመረምር አይታወቅም ነበር።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ የጽጌን በር ደበደብኩ። ከፈተችልኝ። ሶልያና ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ስልኳን ትነካካለች፤ ቁመቷ እናቷን አልፏል።

"ጋዜጣውን አየሽው?" አልኳት፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

"አየሁት።"

"ፎቶው ላይ አለሽ እኮ! ሙሉ ፊትሽ! ማን ነው የሰጣቸው? ቶሎ ኮል አድርገን እናስወርደው..."

"እኔ ነኝ የሰጠኋቸው" አለች ጽጌ።

"አንቺ ራስሽ?" አልኳት።

"ቀብሩ ላይ ጋዜጠኛው ፎቶዋን ጠየቀኝ። ሌላ ፎቶ አላት እንዴ? ይኸው ብቻ ነው። አንቺ እንዳትታዪ እንቆርጠዋለን አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። ያን ቀን በገላዬ እሸፍናታለሁ ብላ አልነበር የቆመችው? ታዲያ ዛሬ እሷ ሞታ እኔ ልደበቅ? ልጄ ይቻት። የሚያይ ይይ።"

"ማሚ፣ ኢትስ አ ናይስ ፒክቸር" አለች ሶልያና ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ። "ለሁሉም ሼር አድርጌዋለሁ።"

በሩን ተደገፍኩ። ጽጌ ሳቀች። እንደ ሞይራ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ። "አስቴርዬ፣ ያንቺ አሁንም በረዶ ነው" አለች።

የሷ ሞቆ ነበር፤ ልክ እሳት ዳር እንደ ተቀመጠ ሰው እጅ። ሞይራ ብትኖርና ብትይዘው ድርሻውን አትሰጣትም ነበር።